ጫማው ካለ ሞተር አይነሳም

ጋሽ በረዶ የሞቱት በሚወዱት ቦታ፣ በሚወዱት ሰዓት ነበር፤ ከምሳ በኋላ፣ በጋራዣቸው ወለል ላይ በተቆፈረው የጥገና ጉድጓድ ውስጥ፣ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው እንደተንጋለሉ። በኤሲ ጠጋኝነታቸው ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ሲያቀዘቅዙ ኖረው ለራሳቸው ከጉድጓድ የተሻለ ቀዝቃዛ ቦታ አላገኙም እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር። እንቅልፋቸው ላይ ግን ቀልድ አያውቁም፤ የቀሰቀሳቸውን ሰው እስከ ማምሻው ያኮርፉታል። በዚያ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሄደው በእግሩ ጣት ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። የገዛ መኪናው ኤሲ ጋዝ ያፈሳል፤ ሙቀት በመጣ ቁጥር ያስሞላዋል፣ ለጥቂት ወራት ደስ ይለዋል፣ ከዚያ መቼ እንደጀመረ ሳይታወቅ ለብ ያለ አየር ፊቱ ላይ ይነፋበታል። ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ በመኪናው ሳይሆን በሥራው። ሌላው በአንድ ጀምበር የሚዘጋውን ጉዳይ እሱ እየዞረ ይነካካዋል፣ ያሸተዋል፣ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ያንኑ መልሶ ይጠይቃል።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ «ያለቀ ጉዳይ ነው» አለው። «የጋዝ አደጋ ነው። ሴት ልጃቸው ናት ሳታስበው የገደለቻቸው። አምናለች።»

«ማን ጠይቋት?»

«ማንም። ራሷ ናት የምትለፈልፈው።»

ይሄ ለኢንስፔክተሩ አልጣመውም። ሰው ሳይጠየቅ የሚያምነው ወይ ሌላ ሰው ሲሸፍን ነው፣ ወይ ሐዘን ጭንቅላቱን ሲያዞረው። ከበሩ ውጭ አንድ ወጣት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ይሄስ?»

«ወንድ ልጃቸው ነው። ካባረሩት ቆይቷል አሉ። ዛሬ ግን እዚሁ ሲያንዣብብ ነበር።»

ጋራዡ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው። መሐሉ ላይ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ አንድ መካከለኛ አውቶቡስ ቆሟል። አስከሬኑን አውጥተው አንሶላ አልብሰውታል፤ ከአንሶላው ጫፍ ካልሲ ብቻ ያጠለቁ ሁለት እግሮች ይታያሉ። ሐኪሙ አየር አጥተው ነው የሞቱት ብሎ ሄዷል።

ኢንስፔክተሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ደረጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ። እዚያው አንድ የጋዝ ሲሊንደር ቆሟል፤ ከአናቱ የወጣው ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ተንጠልጥሏል። ሲሊንደሩን አቧራና ዘይት ተጋግሮበታል። ከወገቡ በታች ግን አቧራው ታጥቦ መስመር መስመር ሠርቷል። ዘይት እንዲመጥ የተበተነው ሰጋቱራ በሲሊንደሩ ዙሪያ ጠቁሯል። በጣቱ ነካ አደረገው፤ እርጥብ ነው፣ ግን ዘይት አይደለም፣ ውሃ ነው። ከእርጥቡ መሐል ሁለት ደረቅ ቦታዎች ጎን ለጎን ነጣ ብለው ይታያሉ። ቀና ብሎ ቧንቧ ፈለገ። ያለው አንድ ቧንቧ አዳራሹ ማዶ ጥግ ላይ ነው፣ ከዚያ እስከዚህ ወለሉ ደረቅ ነው።

«እዚህች ቦታ ማንም እንዳይረግጥ» አለና ተነሳ።

ልጅቱ ሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ገና አጠገቧ ሳይደርስ።

«ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አውቶቡሱ ምን ሆኖ ነው የመጣው?»

«ጋዝ ያፈሳል። ቀስ ብሎ ነው የሚያፈሰው። እንሞላዋለን፣ ለተወሰነ ጊዜ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይመለሳል። አባዬ የሚያፈስበትን ሳያገኙ መሙላት አይወድም። ‹ቀዳዳውን ሳታገኙ ጋዝ መሙላት ሰውን ማታለል ነው› ይላል።» ቆም አለች። «ይል ነበር።»

ኢንስፔክተሩ የራሱን መኪና የሚሞላለትን ሰው አሰበና ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬስ ምን አደረግሽ?»

«ጠዋት የቀረውን ጋዝ በማሽን ስቤ ወደዚያ ሲሊንደር መለስኩት። ከሌሎች መኪኖች የሳብነውም እሱ ውስጥ ስለነበር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ አውቶቡሱን ናይትሮጅን ሞላሁት። በትንሽ ግፊት የማይታይ ቀዳዳ ግፊቱ ከፍ ሲል ይታያላ። ሞልተን እንዘጋለን፣ የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ የቆመበት ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ ምሳ በልተን ስንመለስ ወርዶ እንደሆነ እናያለን።»

«ምልክቱ የቱ ጋ ነው?»

ከአውቶቡሱ ጎን የተንጠለጠለውን ጌጅ አሳየችው። መስታወቱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ መርፌው ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሊፕስቲክ። የዘይት እጅ ሲነካው ቶሎ አይለቅም።»

«ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ውስጥ የኤሲ ጋዝ አልነበረም።»

«አልነበረም። ከሲሊንደሩ ነው የወጣው። ስመለስ ቫልቩ ትንሽ ተከፍቶ አገኘሁት። ባዶ ሆኗል። ጥብቅ አድርጌ አልዘጋሁትም ማለት ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ታች ይተኛል። አባዬ ቆሞ ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር። ግን ተኝቶ ነበር።» ጨርቁን መልሳ አጠፈችው። «ቀስ እያለ ሲፈስበት እኔ ምሳ እበላ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። አንጀቱን በላችው፤ ሴት ልጅ አለችው፣ ጥፋት ሠራሁ ስትል ጨርቅ የምታጣጥፍ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ጋዝ ቀስ ብሎ ሲያፈስ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል?»

«አይቀዘቅዝም። ቀስ ብሎ ከሆነ ምንም አይታወቅህም፣ ለዚህ እኮ ነው ፍለጋው የሚያስቸግረው። በአንዴ ሲለቀቅ ነው በረዶ የሚሠራው። እጅህ እስኪጣበቅ ድረስ ነጭ ይሆናል። በረዶው ደግሞ ሲቀልጥ ...» ተሳቀቀችና አቆመች። «ይቅርታ፣ አንተ አልኩዎት።»

«ግድ የለም። ስትመለሺ አባትሽ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳሉ አላወቅሽም ነበር?»

«ጫማው አልነበረማ። አባዬ ሊተኛ ሲወርድ ጫማውን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያስቀምጣል። የቤቱ ሕግ ነው፣ ጫማው ካለ ሞተር አይነሳም፤ ታች ሰው አለ ማለት ነው። ዛሬ ጫማው ስላልነበረ ወጥቷል ብዬ ጌጁን አየሁ፣ የታች ቱቦዎቹን ልይ ብዬ ስወርድ ራሴ ዞረብኝ ... እዚያ ነበር።»

አጎቷ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሐምሳዎቹን የጨረሰ፣ ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ሰው፤ ከወንድሙ ጋር ጋራዡን ያቆመው እሱ ነው። ኢንስፔክተሩን ወደ ቢሮው ይዞት ሄደ። ቁልፉን ከቁልፍ ቀዳዳው ጋር ለማገናኘት በግራ እጁ ጣት ቀዳዳውን ፈለገ፣ ስቶ መልሶ ፈለገ።

«አይጨክኑባት» አለ ገና ሳይቀመጡ። «ሥራ በዝቶባት ነው። እኔ እንኳ ስንቴ ቫልቭ ረስቻለሁ። ጋሼ ራሱ ቢነሳ ይቅር ይላታል።»

«እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ምሳዬን በልቼ እዚሁ ቢሮ ነበርኩ።»

«ወንድምዎ ጉድጓዱ ውስጥ መሆናቸውን አላወቁም?»

«እንዴት ላውቅ? ቢሮ ስገባ የሥራ ጫማው ከዚህ አግዳሚ ሥር ነበር። ነጠላ ጫማውን አድርጎ ጓሮ ወዳለው ቤቱ የገባ መሰለኝ።»

ጫማው አሁንም እዚያው ነበር። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ተረከዙ የተጎረደ ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ የቀኙ ጎን ላይ ጭቃ የመሰለ ሰጋቱራ ደርቆ ተለጥፎበታል።

«ይህን ቢሮ ምሳ ሰዓት ትቆልፉታላችሁ?»

«ሁልጊዜ። ቁልፉ ያለው እኔና ጋሼ ጋ ብቻ ነው።»

የጋሽ በረዶ ቁልፍ ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «ለመሆኑ ይሄ አውቶቡስ ጋዙን የት ነው የሚያፈሰው ይላሉ?»

አጎትየው ተናደደ። በዚያ ቀን ሲናደድ የታየው በዚህች ጥያቄ ብቻ ነው። «የት እንደሆነማ ይታወቃል። የጣሪያውን ማቀዝቀዣ አዲሱን በገዛ እጄ ነው የገጠምኩት፣ እንከን የለበትም። የሚያፈሰው የወንድሜ ልጅ ያሰረው መገጣጠሚያ ነው። ዝርክርክ ነው። ጋሼ በዚሁ ሥራ ነው ያባረረው፤ ‹ሰው በእኔ ስም እንዲታለል አልፈልግም› ብሎ። ዛሬ ደግሞ በሩ ላይ ተጎልቶ አየሁት፣ ሬሳው ከወጣ በኋላ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አላየሁትም።»

ኢንስፔክተሩ መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠው። «ስሜን ይመዝግቡልኝ፣ እደውልልዎታለሁ።» አጎትየው መታወቂያውን እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ አየው፣ ከዚያ አቀረበው፣ ከዚያ መልሶ ሰጠውና «በኋላ ይነግሩኛል» አለ።

የአውቶቡሱ ሹፌር ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ሆዱ ከመሪው ጋር የሚተዋወቅ፣ ሲናገር የሚጣላ የሚመስል። ባለፈው ሳምንት ጋራዡ መሐል ቆሞ «ይሄን መኪና አንድ ቀን እላያችሁ ላይ አቃጥለዋለሁ» ማለቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ብያለሁ» አለ ሳይክድ። «ተሳፋሪ ሲሰድበኝ የሚውለው እኔን ነው። ‹ኤሲ አለው ብለህ ጭነኸን ቀቀልከን› ይሉኛል። ግን ጋሽ በረዶን እኔ? ብቸኛው ‹ቀዳዳውን ሳላገኝ ጋዝ አልሞላልህም› ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው።»

«ምሳ ሰዓት ምን ስታደርግ ነበር?»

«ሬዲዮ ልሰማ ሞተር ላስነሳ ብዬ ነበር። ጫማቸውን አየሁና ተውኩት። ከዚያ ምግብ ቤት ሄድኩ፤ ሂዱና ጠይቁ፣ ስጣላ ነው የቆየሁት፣ አሳላፊው ወጡን አሳንሶብኝ።»

«ጫማቸው የት ነበር?»

«ጉድጓዱ አፍ ላይ ነዋ። ሲሊንደሩ አጠገብ። ሁሌም የሚያስቀምጡበት።»

ፖሊሱ ተልኮ ምግብ ቤቱን ጠየቀ። ሹፌሩ እንዳለው ነበር፤ ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ነው ከወንበሩ የተነሳው። ልጅቱም ወደ ጋራዡ እስክትመለስ ድረስ እዚያው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበረች።

የቀረው ጎማው ላይ የተቀመጠው ወንድ ልጅ ነው። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ሌላ ጎማ ጎትቶ ተቀመጠ።

«ለምን መጣህ?»

«ትናንት ደወለልኝ። ካባረረኝ ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ‹ነገ ከምሳ በኋላ ና፣ ያንን አውቶቡስ አብረን እንከፍተዋለን› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ሳልተኛ ነው ያደርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሳይነሳ ቀድሜ ደረስኩ። አጎቴ በሩ ላይ አገኘኝ። ‹ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሰው፣ ሲነሳ እጠራሃለሁ› አለኝ። በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን እንዳላስቀይመው ብዬ እዚህ ተቀመጥኩ።»

«እስከ መቼ?»

«እህቴ እስክትጮህ። በጓሮ በር ገብታ ኖሮ አላየኋትም።»

«አጎትህ ግን ከዚያ በፊት አላየሁትም ይላል።»

ልጁ ቀና ብሎ አየው። አልተቆጣም፣ ይልቅ ግራ የገባው ይመስላል። «ለምን እንዲህ ይላል?»

ኢንስፔክተሩ ከጎማው ተነሳ። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። አንዱ የተባረረ ልጅ ነው፣ ሌላው ሁሉም የሚያከብረው ሰው፤ ፍርድ ቤት ማንን እንደሚያምን ያውቀዋል። ልጅቱ ደግሞ ወረቀት ቢቀርብላት ሳታነብ ትፈርማለች። ዛሬ ካልተፈታ፣ ነገ እሷ ራሷ በገዛ አፏ የሠራችው ታሪክ እውነት ይሆናል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሁሉንም ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ልጅቱ፣ ወንድሟ፣ አጎታቸው፣ ሹፌሩ። አስከሬኑ ተወስዷል። ጉድጓዱ በመንፊያ አየር ተጠርጓል።

«ጀምረሽው የነበረውን ሥራ ጨርሺ» አላት ልጅቱን።

«አሁን?»

«አሁን። ቀዳዳውን ፈልጊ።»

አጎትየው «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ይሄ፣ አባቷ ዛሬ ሞቶ» አለ። ኢንስፔክተሩ አልመለሰለትም። ልጅቱ የሳሙና አረፋ ያለበትን ዕቃና ብሩሽ ያዘች። መጀመሪያ ወንድሟ ያሰረውን መገጣጠሚያ ቀባችው። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። አረፋው ተኛ፣ ቆየ፣ ምንም አልነፋም።

«ይሄ ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አሁን የጣሪያውን ክፈቺ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ የጣሪያውን ክዳን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታች። ኢንስፔክተሩ በር ላይ ቆሞ የሚያየው እሷን ሳይሆን አጎትየውን ነበር። አጎትየው ጣሪያውን አያይም፤ ሰጋቱራውን ነው የሚያየው። ልጅቱ ብሩሹን ጠምዛዛው ቱቦ ላይ አሳለፈች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ከአንድ ቦታ ላይ አንዲት አረፋ እንደ ሽንብራ አበጠች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች።

«እዚህ ጋ ብየዳ አለ» አለች። «አዲስ ዕቃ ላይ ብየዳ ምን ይሠራል? የቡሎን ቀዳዳ ነው። ረጅም ቡሎን ገብቶ ወግቶታል፣ ከዚያ ተበይዷል።» ዞር ብላ አጎቷን አየችው። «አጎቴ፣ ይሄን አንተ ነህ የገጠምከው።»

ኢንስፔክተሩ እንዲወርዱ ነገራቸውና ጉድጓዱ አፍ ላይ ወሰዳቸው።

«አሁን የእኔ ተራ ነው» አለ። «አንቺ ቫልቩን ጥብቅ አድርገሽ አልዘጋሽም ብለሻል። እንዲያ ቢሆን ጋዙ ቀስ ብሎ ነበር የሚወጣው። ቀስ ብሎ የሚወጣ ጋዝ ሲሊንደሩን አያቀዘቅዘውም፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ይሄን ሲሊንደር እይው። አቧራው ታጥቧል። ሰጋቱራው ረጥቧል፣ ቧንቧው ደግሞ ማዶ ነው። ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። «በረዶ ሠርቶ ነበር።»

«በረዶ ሠርቶ ነበር። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ ጋዙ በአንዴ ተለቋል፣ ከዚያ ሲያልቅ አንቺ የረሳሽው እንዲመስል ትንሽ ተከፍቶ ተትቷል። አንቺ ዘግተሽዋል፣ ልጄ። በደንብ ዘግተሽዋል።»

ወንድሟ ክንዷን ያዛት።

«ሹፌሩና አንቺ ምግብ ቤት ነበራችሁ፣ ሰው መስክሯል። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ተኝቷል ተብዬ ውጭ ተቀመጥኩ ይላል። ሌላው ደግሞ ወንድሜ እዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር ይላል፤ ጫማውን ቢሮ አይቼ ቤቱ ገባ አልኩ ይላል።» ፖሊሱ የያዘውን ጫማ ተቀበለ። «እነዚህ ሁለት ደረቅ ቦታዎች እንዲያው አልመጡም። ውሃው ከሲሊንደሩ ሲወርድ እዚህ የቆመ ነገር ነበር፤ ውሃው ዞሮት ነው ያለፈው።»

ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን ደረቅ ቦታዎቹ ላይ አስቀመጣቸው። ልክ ገጠሙ። የቀኙ ጫማ ጎን ላይ የደረቀው ሰጋቱራ ከወለሉ እርጥብ ሰጋቱራ ጋር ተያያዘ።

«ጋዙ ሲወጣ፣ በረዶው ሲሠራ፣ ሲቀልጥ፣ ጫማው እዚህ ነበር። የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ተነስቶ የገባው ደግሞ የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ነው። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ ከሟች ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ሌላው ኪስዎ ውስጥ ነው።»

አጎትየው ጎንበስ አለ። ከዚያ ለእነሱ ሳይሆን ለጫማው የሚናገር ይመስል ጀመረ።

«አንድ ቡሎን ነው። አጭሩን መስሎኝ ረጅሙን አስገባሁት። ዓይኔ ... ዓይኔ ሲደክም ለማን እነግራለሁ? ትንሽ ሲስ አለ። በየድኩት፣ ያዘ መሰለኝ። ጋሼ ነው ያሳደገኝ፣ እሱ ነው ሙያውን ያስተማረኝ። አበላሸሁ ብዬ እንዴት ፊቱ ልቁም?»

«ወንድምዎ ልጁን ሲያባርሩ ግን ቆመው አይተዋል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ነገ እነግረዋለሁ እል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ። አውቶቡሱ በተመለሰ ቁጥር ማታ ማታ እየመጣ ሆዴ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ዛሬ ጠዋት ‹ጣሪያውን እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ፣ ልጄንም ጠርቼዋለሁ› አለኝ። ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። አውቆታል።» እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። «ትንሽ እንዲያመው ነበር። ራሱን አሞት ሥራው ለነገ እንዲያድር። እንዲሞት አልነበረም።»

ኢንስፔክተሩ ይህን የጠበቀው ይመስላል። ሲናገር ድምፁን አላነሳም፤ ቢያነሳ ይሻል ነበር።

«ራሱን እንዲያመው የፈለገ ሰው ጫማውን ይተወዋል። ልጅቱ ስትመለስ ጫማውን አይታ ‹አባዬ› ብላ ትጠራቸው ነበር። ጫማውን ያነሱት ማንም እንዳይጠራቸው ነው። በሩ ላይ ወጥተው ልጃቸውን ያስቀመጡትም ለዚያው ነው።»

ልጁ ወደ አጎቱ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሹፌሩ ሊመታው መስሎት ክንዱን ያዘው። ልጁ ግን እጁንም አላነሳ።

«እንዳትቀሰቅሰው አልከኝ» አለ ብቻ።

አጎትየውን ፖሊሱ ይዞት ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ደፉን ስቶ ሊወድቅ ነበር፤ ማንም ተንደርድሮ አልደገፈውም፤ ፖሊሱ ነው የያዘው።

ፎቶ አንሺው ሲመጣ ጉድጓዱን ከላይ ለማንሳት አውቶቡሱ ወደ ኋላ መሳብ ነበረበት። ኢንስፔክተሩ ሹፌሩን ጠየቀው። ሹፌሩ አውቶቡሱ ላይ ወጣ፣ መሪውን ያዘ፣ ቁልፉን ከተተ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች አየ። እጁን ከቁልፉ አነሳ።

ፎቶ አንሺው «ምን ትጠብቃለህ?» አለው።

«ጫማው አለ» አለ ሹፌሩ።

ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ያ ሲናገር የሚጣላ የሚመስለው ሰው ግድግዳው ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ኢንስፔክተሩ ለፎቶ አንሺው በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ይቆይ።

እህትና ወንድም ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእነሱ ፊት ጫማዎቹ ደረቅ ቦታቸው ላይ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ልጅቱን ከጥፋቷ ነፃ አውጥቷታል፣ ግን የልጁን ነገር የሚፈታበት ምንም መረጃ አልነበረውም፤ እውነቱ ያው ነው፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ አባቱ እስኪነቃ ጠብቋል።

«እትዬ» አለ ልጁ ቆይቶ። «ብቀሰቅሰው ኖሮ ይቆጣኝ ነበር?»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። ልትዋሸው ትችል ነበር።

«ይቆጣህ ነበር» አለች። «እስከ ማምሻው ያኮርፍህ ነበር።»